ትንሽ ቤት ለመሥራት ቦታና ሠሪ ሲፈለግ፦ ምን ይጠየቃል፣ ምን ይለካል

ይህን የምጽፈው ከ70 እስከ 100 ካሬ ላይ የሚያርፍ፣ ፎቅ የሌለው፣ ሳሎንና ሁለት ሦስት መኝታ ያለው ቤት ለመሥራት አስበው አዲስ አበባ ዳር ወይም በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ቦታ እያፈላለጉ ላሉ ሰዎች ነው። ግንባታ በመከታተል የምንተዳደር ሰዎች ደጋግመን የምናየው ነገር ቢኖር ገንዘብ የሚባክነው ሳይለካ በተከፈለበት ቦታ መሆኑ ነው። መሬቱ ሳይለካ ይገዛል፣ ፌሮው (የአርማታው ብረት) ሳይመዘን ይወርዳል፣ የእጅ ዋጋው ሥራው ሳይቆጠር ይከፈላል። ለመለካት ደግሞ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ሜትር፣ ሚዛን፣ ዶማና አካፋ፣ አንድ ክዳን ያለው የብርጭቆ ዕቃ ካላችሁ አብዛኛውን ራሳችሁ ትለካላችሁ።

ወረቀቱ

ደላላ ቦታ ሲያሳያችሁ ከዋጋው በፊት የይዞታውን ዓይነት ጠይቁ። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የምትገዙት አፈሩን አይደለም፤ በላዩ ያለውን ቤት ወይም የሊዝ መብቱን ነው። ነባር ይዞታ፣ ሊዝ፣ የማኅበር ቦታ፣ ሰነድ አልባና የገበሬ ቦታ የየራሳቸው ጣጣ አላቸው።

የመጨረሻውን ላስቀድም። ከገበሬ ላይ በሽማግሌ ፊርማ የተገዛ የእርሻ መሬት ምንም ያህል ምስክር ቢኖረው በእጃችሁ ያለው ወረቀት ይዞታ አይሆንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። «በቅርቡ ካርታ ይወጣለታል» የሚባለው ተስፋ ዋጋ ሊኖረው የሚገባው ካርታው የወጣ ዕለት ነው። ርካሽ የሆነበት ምክንያትም ይኸው ነውና በዚህ ገንዘብ ላይ ግንብ አትጨምሩበት።

ነባር ይዞታ ከሆነ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ አድርጓል። ስለዚህ ከሻጩ ጋር ከምትስማሙበት ዋጋ ሌላ የሊዝ ክፍያ አለና ስንት እንደሚደርስ ከቀብድ በፊት ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ አስልታችሁ ያዙ። ባዶ የሊዝ ቦታ ወይም ግንባታው ከግማሽ ያልደረሰ ሲሆን አዋጁ ሻጩ ከመተላለፉ የሚያገኘውን ጥቅም ስለሚገድብ፣ ብዙ ጊዜ «ውሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፍ» ወይም «በውክልና እንጨርሰው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሁለቱም ገዢውን ነው የሚጎዱት። ውሉ ቢፈርስ ልትጠይቁ የምትችሉት የተጻፈውን ዋጋ ነው። ውክልና ደግሞ ሰጪው ሲሞት ያበቃል፤ በሕይወት እያለም ሊሽረው ይችላል።

ማየት ያለባችሁን በዚህ ቅደም ተከተል እዩ። ከሻጩ ጋር ሆናችሁ ይዞታው ያለበት ጽሕፈት ቤት ሂዱና ካርታው ከማኅደሩ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት በጽሑፍ አስወጡ፤ ባንክ በመያዣ የያዘው ወይም ፍርድ ቤት ያገደው ቦታ ከውጭ ሲታይ እንደማንኛውም ቦታ ነው። የዓመት ግብሩና የሊዝ ክፍያው እስከ ስንት ዓ.ም. እንደተከፈለ ደረሰኝ ጠይቁ። ከዚያ ፕላን ክፍል ገብታችሁ መንገድ የሚነካው መሆኑን፣ በመዋቅራዊ ፕላኑ መኖሪያ ወይስ አረንጓዴ ተብሎ እንደተመደበ ጠይቁ። 140 ካሬ ላይ መንገድ 3 ሜትር ከበላ የቀረው ቤት ላይሆን ይችላል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልና ሚስት ሁለቱም መፈረም አለባቸው፤ ካላገባ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጣ። በወኪል የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው «መሸጥ» የሚለውን ቃል በግልጽ መያዝ አለበት። «ማናቸውንም ጉዳይ እንዲያስፈጽምልኝ» የሚል አጠቃላይ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም። የወካዩን በሕይወት መኖርና ውክልናው አለመሻሩንም አጣሩ።

ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በውልና ማስረጃ መመዝገብ አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውልን ጽፎ ማስመዝገብን ያዛል። ቤት ውስጥ ተጽፎ አራት ምስክር የፈረመበት ወረቀት ለቀብድ ካልሆነ ለዋናው አይሆንም። ቀብድ ላይም ልብ በሉ፤ የሰጠ ከቀረ ያጣል፣ የተቀበለ ከቀረ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ገንዘቡ ቀብድ ይሁን ቅድሚያ ክፍያ በግልጽ አስጽፉ። የስም ዝውውሩን ወጪና የቴምብር ቀረጡን ማን እንደሚከፍልም በውሉ ውስጥ ይግባ፤ በቃል የቀረ እንደሆነ ገዢው ላይ ነው የሚወድቀው።

ካርታውና መሬቱ

ካርታው ላይ የማዕዘኖቹ ኤክስና ዋይ ቁጥሮች አሉ። ሰዎች እነዚህን ስልካቸው ላይ ያስገቡና ነጥቡ ሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ወይም ወንዝ ላይ ሲያርፍ ይደነግጣሉ፤ ወይም ከዚያ የባሰው፣ የሌላ ሰው ቦታ ላይ አርፎ «ልክ ነው» ይላሉ። አገራችን ለረጅም ጊዜ የተጠቀመችበት የካርታ መነሻ አዲንዳን የሚባለው ሲሆን ስልክ የሚሠራው በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። ቁጥሩ ሳይቀየር ከገባ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይዛነፋል። ስለዚህ ቶታል ስቴሽን (የመቀየሻ መሣሪያ) ወይም ትክክለኛ ጂፒኤስ ያለው ቀያሽ ቅጠሩና ችካል ያስተክል። ችካሉ ሲተከል የአራቱም ጎን ጎረቤቶች ቢገኙ ጥሩ ነው፤ አጥር ያለፈ ጎረቤት ካለ ጭቅጭቁ ከመግዛታችሁ በፊት ይውጣ።

ከቀያሹ በፊት ራሳችሁ በሜትር ለኩ። 10 በ14 ሜትር የተባለ ቦታ አራት ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ከሆነ ከማዕዘን ማዕዘን ሁለቱም ሰያፍ 17 ሜትር ከ20 ሳንቲ ይመጣሉ። አንዱ 16.60፣ ሌላው 17.80 ከመጣ ቦታው ዘመም ያለ ነው፤ ካሬው ብዙ ባይቀንስም ቀጥ ያለ ቤት ስታሳርፉበት ጥግ ጥጉ ይባክናል። ከላይ እስከ ታች ያለውን ቁልቁለትም በውሃ ልክ ቱቦ ለኩ። በ10 ሜትር ርቀት 1 ሜትር የሚወርድ ቦታ የመደገፊያ ግንብ ይፈልጋል፤ ያንን ከዋጋው ላይ ተደራደሩበት።

መግቢያውን ሳታዩ አትመለሱ። ሲኖ ገልባጭ ገብቶ ካልዞረ አሸዋውም ድንጋዩም ዋናው መንገድ ላይ ይወርድና በሰው ጉልበት ወይም በአህያ ጋሪ ይመላለሳል፤ ይህ በእያንዳንዱ ቢያጆ (የመኪና ጭነት) ላይ የሚደጋገም ወጪ ነው። የመብራት ምሰሶ ስንት ሜትር እንደሚርቅ፣ የውሃ መስመር በየት እንደሚያልፍና ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጎረቤትን ጠይቁ።

አፈሩ

ትንሽ ቤት የሚሠራ ሰው በጀቱን ከሁሉ በላይ የሚያዛባበት እዚህ ነው፤ ስለዚህ ከሌላው ይልቅ እዚህ ላይ እቆያለሁ።

በቦሌ ዳርቻ፣ በለቡ፣ በአቃቂና በቃሊቲ በኩል፣ እንዲሁም ከዚያ ወዲያ ባሉ ሜዳማ ቦታዎች ብዙው መሬት ጥቁር አፈር፣ መረሬ ወይም ኮትቻ የሚባለው ነው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሸበሸብና ይሰነጠቃል። በየዓመቱ ወደ ላይ ይገፋል፣ ወደ ታች ይለቃል። ፎቅ ቤት በክብደቱ ትንሽ ይቋቋመዋል፤ አንድ ምድር ያለው ቀላል ቤት ግን ይነሣል። ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የሚወጣው ስንጥቅ፣ ክረምት የማይዘጋው በር፣ መሐሉ ወደ ላይ ያበጠው የሳሎን ወለል አብዛኛውን ጊዜ የዚህ አፈር ሥራ ናቸው። ግንበኛው ሊወቀስ የሚገባው መሠረቱን በጥቁሩ አፈር ውስጥ ካስቀመጠው ነው።

ቦታውን ሁለት ጊዜ እዩት፤ አንዴ በጋ፣ አንዴ ሐምሌ ወይም ነሐሴ። በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ አፈሩ አባጭ ነው። ክረምት ውሃ የሚተኛበት ከሆነ ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ ተከታተሉ። የቅርብ ጎረቤቶችን አጥርና ቤት ተመልከቱ፤ ከአምስት ዓመት በላይ የቆየ ብሎኬት አጥር ሳይሰነጠቅ ቆሞ ካያችሁ ደህና ምልክት ነው።

ከዚያ አስቆፍሩ። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ቤቱ ሊያርፍ በታሰበበት በሁለት ተቃራኒ ጥግ 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሚሆን ጉድጓድ አስቆፍሩ። የሁለት ሦስት የቀን ሠራተኛ ዋጋ ነው። ጎኑ ላይ የአፈሩ ንጣፍ ይታያል። ጥቁሩ በ80 ሳንቲ አልቆ ቀይ ድብን ያለ አፈር፣ ገረጋንቲ ወይም ዐለት ከመጣ እፎይ በሉ። 2 ሜትር ላይም ጥቁር ከሆነ ሒሳቡን በሌላ መንገድ ሥሩ። ፌስታል፣ የጡብ ስብርባሪ፣ የተቃጠለ ቆሻሻ ከወጣ ቦታው ሙሌት ነው፤ ያ ንብርብር ላይ ምንም አይቀመጥም። ከጉድጓዱ ሥር ውሃ ከመነጨም የፍሳሽ ጉድጓዳችሁ ክረምት ውሃ አይመጥም ማለት ነው።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። 8 በ10 ሜትር የሆነ ቤት ዙሪያው 36 ሜትር ነው፤ ከውስጥ የሚሸከሙት ግድግዳዎች 20 ሜትር ቢሆኑ ጠቅላላው 56 ሜትር ይሆናል። የድንጋይ ግንቡ ውፍረት 50 ሳንቲ ከሆነ መሠረቱ በ1 ሜትር በጠለቀ ቁጥር 28 ሜትር ኩብ ግንብ ይጨመራል። ድንጋዩ፣ ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ ቁፋሮው፣ የሚወጣውን አፈር ማስጫኛው በዚያ ላይ ነው። «በካሬ ይህን ያህል» ብሎ ዋጋ የሰጣችሁ ሰው ይህን ጉድጓድ ሳያይ ከሰጠ ገምቶ ነው፤ ግምቱ ሲሳሳት ተጨማሪ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ጥቁር አፈር ላይ መሥራት አይቻልም ማለቴ አይደለም። ጥልቀቱ እስከ 1.5 ሜትር አካባቢ ከሆነ ጨርሶ ማለፍና ጠንካራው ላይ ማረፍ ይሻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ በየኮለኑ (የአርማታ ምሰሶው) ሥር ብቻ ጠልቆ በሰፊ ፉቲንግ (የምሰሶው እግር) ማሳረፍና በግሬድ ቢም (ምሰሶዎቹን ከታች በሚያያይዝ አግድም አርማታ) ማያያዝ ከድንጋይ ግንብ ይረክሳል፤ ግሬድ ቢሙ ግን ጥቁሩን አፈር በቀጥታ መንካት የለበትም፤ አፈሩ ሲያብጥ ወደ ላይ እንዳይገፋው ከሥሩ ክፍተት ይተውለታል። ከወለሉ ሥር ጥቁሩ ይወጣና ሴሌክት (የተመረጠ፣ የማያብጥ የሙሌት አፈር) በ20 ሳንቲ ንብርብር እየራሰ እየተጠቀጠቀ ይሞላል። አንዴ ተደፍቶ ከላይ ብቻ የተጠቀጠቀ 60 ሳንቲ ሙሌት በሁለተኛው ዓመት ወለሉን ይዞ ይወርዳል። በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ የሚያፈስ አርማታ ይዙር፤ የጣራው ውሃም በአሸንዳ ተይዞ ይራቅ። ከሥሩ ያለው አፈር ርጥበቱ ካልተለዋወጠ አያብጥም፣ አይሸበሸብም። በዚሁ ምክንያት ባሕር ዛፍ ከቤት አጠገብ አይተከልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከስምጥ ሸለቆው ብዙም አንርቅም፤ በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣውን መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ያለ ሰው ሁሉ ተሰምቶታል። ስለዚህ ባለ አንድ ምድር ቤት ነው ተብሎ የላይኛው ማሰሪያ ቢም አይቀር፤ የኮለኑ ስታፋ (ቋሚ ብረቶቹን ዙሪያ የሚያስረው ቀለበት) ወደ ጫፎቹ ሲደርስ ይጠጋጋ፤ የስታፋው መንጠቆም ወደ ውስጥ ገብቶ ይታጠፍ።

ፕላንና ፈቃድ

ቦታው ሲጸዳ ፕላን ስምምነት ይጠየቃል፣ ከዚያ አርክቴክቸር፣ ስትራክቸር፣ መብራትና ሳኒተሪ ንድፍ ይቀርባል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ባለ አንድ ምድር ሆኖ በተሸካሚዎቹ መካከል ከ7 ሜትር ያልበለጠ ርቀት ያለውን ቤት በምድብ ሀ አስቀምጦታል። ሳሎኑን 7.5 ሜትር አድርጎ ያለ መሐል ኮለን መሥራት የሚፈልግ ሰው ምድቡን ይቀይራል፤ ቢሙም ይወፍራል። ለትንሽ ቤት ከ4 እስከ 4.5 ሜትር ርቀት ከበቂ በላይ ነው።

በወሰን ላይ በሚያርፍ ግድግዳ ወደ ጎረቤት መስኮት ማውጣት ስለማይፈቀድ ፕላኑ ሲሠራ የትኛው ጎን እንደሚከፈት አስቀድሞ ይወሰን፤ 8 ሜትር ፊት ባለው ቦታ ላይ ይህ ውሳኔ የመኝታ ቤቶቹን አቀማመጥ በሙሉ ይወስናል። ሴፕቲክ ታንኩ ከበሩ አጠገብ ይሁን፤ የፍሳሽ መኪናው ቱቦ ሳሎን አቋርጦ እንዳይገባ። ለስድስት ሰው 3 ሜትር ኩብ አካባቢ የሚይዝ ባለ ሁለት ክፍል ታንክ ይበቃል። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ (የውሃ ታንከር) ሲሞላ ሁለት ቶን ስለሚመዝን የራሱ መቆሚያ በንድፉ ውስጥ ይግባ።

ሠሪው

ሠሪ ስትፈልጉ ሦስት ቤት አሳየን በሉት፤ አንድ መሠረት ላይ ያለ፣ አንድ ጣራ ላይ ያለ፣ አንድ ደግሞ ሰው ገብቶበት ቢያንስ ሁለት ክረምት ያለፈበት። የመጀመሪያው የፌሮ አስተሳሰሩንና የአርማታ አቦካኩን ያሳያችኋል። ሁለተኛው ግድግዳው በቱንቢ መውረዱን፣ ኮለኑ ላይ ጠጠሩ ያፈጠጠ ቀዳዳ መኖር አለመኖሩን ያሳያል። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ውሃ አፍስሱና ወደ ማፍሰሻው መሄዱን እዩ፤ ከጣራው ሥር ኮርኒሱ ላይ ቢጫ የውሃ ክብ ካለ ጣራው ያፈሳል። ባለቤቱን ለብቻው አግኝታችሁ «በመጀመሪያው ስምምነት አለቀ ወይስ ተጨመረ? ስንት ወር ቆመ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፌራዮውን (ብረት አሳሪውን) እና ግንበኛውን ደግሞ ክፍያቸው በጊዜው እንደሚደርሳቸው ጠይቁ። ለሠራተኞቹ ያልከፈለ ሠሪ የእናንተን ቅድሚያ ክፍያ ወስዶ የሌላውን ዕዳ ይዘጋበታል፤ የናንተ ሥራ ይቆማል።

የንግድ ፈቃዱንና የደረጃ ማረጋገጫውን የዘመኑ ዕድሳት ያለበትን እዩ፤ ፈቃዱ ላይ ያለው ስምና ውሉን የሚፈርመው ሰው አንድ ይሁኑ። በተከራየው ፈቃድ የሚሠራ ሰው ጉዳት ሲመጣ የሚጠየቅ አካል አይኖረውም።

ጥሩ ሠሪ ዋጋ ከመስጠቱ በፊት ንድፉንና የአፈሩን ሁኔታ ይጠይቃል። ዋጋውንም በሥራ ዝርዝር ይሰጣል፤ ቁፋሮ በሜትር ኩብ፣ ብሎኬት በካሬ፣ ፌሮ በኪሎ። ይህን ዝርዝር የማይሰጥ ሰው ቢረክስም አትያዙት፤ ሥራ ሲጨመር ወይም ሲቀነስ የምትመዝኑበት ነገር አይኖራችሁም።

አሠራሩ በሁለት ይከፈላል። የእጅ ዋጋ ብቻ ከሆነ ዕቃውን እናንተ ታቀርባላችሁ፤ ይህ የሚያዋጣው ከእናንተ አንዱ በየቀኑ ሳይት ላይ መዋል ከቻለ ነው። ካልቻላችሁ ዕቃና እጅ ይሻላል፤ ሆኖም ሲሚንቶና ፌሮን እናንተ ገዝታችሁ ሌላውን ለእሱ መተው ጥሩ አማካይ መንገድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዋጋቸው ከሁሉ በላይ የሚዋዥቀው እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ሠሪው በዋጋ ጭማሪ ሰበብ ሥራ የሚያቆመውም በእነሱ ነው።

ክፍያው በተጠናቀቀ ሥራ ይሁን። ቅድሚያ ክፍያ ከ20 በመቶ አይለፍ፤ ከየክፍያውም በተመጣጣኝ ይቀነስ። ከዚያ ግሬድ ቢም ሲያልቅ፣ ግድግዳው ከላይኛው ማሰሪያ ጋር ሲያልቅ፣ ጣራው ሲለብስ፣ የመብራትና የውሃ ቱቦ ገብቶ ልስን ሲያልቅ፣ በመጨረሻም ቁልፍ ሲረከብ። ከየክፍያው 5 በመቶ ይያዝና አንድ ሙሉ ክረምት ካለፈ በኋላ ይለቀቅ። ክረምት ሳይመጣ የተለቀቀ መያዣ ጣራ አያሠራም።

ዕቃ ሲወርድ

ፌሮ በቁጥር ሳይሆን በክብደት ይረከባል። የ12 ሜትር ዘንግ ባለ 8 ሚሊ 4.7 ኪሎ፣ ባለ 10 ሚሊ 7.4፣ ባለ 12 ሚሊ 10.7፣ ባለ 14 ሚሊ 14.5 ኪሎ አካባቢ መምጣት አለበት። አሥር ዘንግ አስመዝኑና አካፍሉ። ባለ 12 የተባለው 9 ኪሎ ከመጣ የገዛችሁት 12 አይደለም፤ ንድፉን የሠራው መሐንዲስ ያሰበው ብረትም እሱ አይደለም።

አሸዋና ጠጠር በቢያጆ ሲገዛ ከመራገፉ በፊት ሜትር ይዛችሁ መኪናው ላይ ውጡ። የካሳውን (የመኪናውን መጫኛ) ርዝመት፣ ወርድና የዕቃውን ከፍታ በሦስት ቦታ ለክታችሁ አባዙ። 16 ሜትር ኩብ የተባለው 13 ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ከተራገፈ በኋላ ግን ማስረዳት አትችሉም። አሸዋውን ግማሽ ድረስ ብርጭቆ ውስጥ ጨምራችሁ በውሃ ሙሉት፣ ትንሽ ጨው አድርጉበት፣ በደንብ ናጡትና ሦስት ሰዓት አስቀምጡት። ከላይ የሚተኛው ለስላሳ ጭቃ ከአሸዋው ከፍታ 6 በመቶ ካለፈ፣ ማለትም በ10 ሳንቲ አሸዋ ላይ ከ6 ሚሊ በላይ ከሆነ፣ ይታጠብ ወይም ይመለስ። ጭቃ ያለበት አሸዋ ልስን ያሰነጥቃል፣ አርማታ ያደክማል።

ብሎኬት 40 በ20 ፊት ያለው በካሬ ከ12 እስከ 13 ይገባል። ያ 8 በ10 ቤት በ3 ሜትር ከፍታ ውጫዊ ግድግዳው 108 ካሬ ነው፤ በርና መስኮት 18 ካሬ ሲቀነስ 90 ይቀራል፤ በ12.5 ሲባዛ 1,125፣ ከስብርባሪው ጋር 1,180 ገደማ ባለ 20 ሳንቲ ብሎኬት ይጠበቃል። ሠሪው 1,600 ካለ የት እንደሚገባ ያሳያችሁ። ጥራቱን ለማየት ሁለት ብሎኬት እርስ በርስ አጋጩ፤ ድምፁ የሚያቃጭል ይሁን፣ ጥጉ በጣት አይፍረክረክ። ሳይት ላይ የሚመረት ከሆነ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ።

ሲሚንቶ ለአርማታ ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ)፣ ለግንብና ለልስን ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ይሁን። ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ከአሥር ከረጢት ባልበለጠ ከፍታ ይደርደር። ወለሉ 80 ካሬ በ10 ሳንቲ ውፍረት 8 ሜትር ኩብ አርማታ ነው፤ በሜትር ኩብ 3.2 ኩንታል ሲታሰብ 26 ኩንታል ይጠጋል። ለፉቲንግ፣ ለኮለንና ለቢም 3.6 ኩንታል አስቡ።

አርማታ ሲቦካ በሳጥን ይሰፈር። 50 በ40 በ18 ሳንቲ የሆነ ሳጥን 36 ሊትር ይይዛል፤ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር ይቀራረባል። ለአንድ ከረጢት ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። በአካፋ ሲሰፈር ከሰዓት በኋላ የደከመው ሠራተኛ የሚያቦካው ከጠዋቱ ጋር አንድ አይሆንም። ውሃው ለአንድ ከረጢት ከ25 ሊትር ብዙ አይለፍ፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ይቀነስ። ሠራተኞች እንዲቀልላቸው ውሃ ማብዛት ይወዳሉ፤ አርማታው እንደ ሾርባ ቀጥኖ ከታያችሁ አስቁሙ። ከተሞላ በኋላ ጆንያ ወይም አሸዋ ለብሶ ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ። ውሃ ለማጠጣት በውሉ ላይ ስሙ የተጻፈ ሰው ከሌለ ማንም አያጠጣም።

ፉቲንጉ ከመሞላቱ በፊት ፌሮው መሬት እንዳይነካ ከሥሩ 5 ሳንቲ የሲሚንቶ ቁራጭ መቀመጡን እዩ። ድንጋይ ወይም እንጨት ማስደገፍ ብረቱን ያዝገዋል። ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁን (የውፍረት ቁጥሩን) ጠይቁ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ውፍረቱ ይቀንሳል፤ 32 ለአጥር እንጂ ለመኖሪያ ጣራ አልመክርም፤ 28 ይሁን። ከልስን በፊት የመብራትና የውሃ ቱቦዎቹን በየግድግዳው ሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ አንሡ፤ በኋላ ሚስማር ስትመቱ ትፈልጉታላችሁ።

ከውጭ ሆናችሁ የምታሠሩ

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በዓረብ አገሮች ያላችሁ ውክልናውን ከፋፍሉት። ለመግዛትና ስም ለማዛወር አንድ፣ ፈቃድ ለማውጣትና ለማሠራት ሌላ ይሁን፤ የመሸጥና የማስያዝ ሥልጣን በየትኛውም ውስጥ አይግባ። ገንዘቡን የሚይዘውና ሥራውን የሚለካው ሰው አንድ አይሁን፤ ወንድምም ቢሆን። ከሠሪው ጋር የማይገናኝ፣ ክፍያውን ከእናንተ የሚቀበል መሐንዲስ ከየክፍያው በፊት መጥቶ ለክቶ በጽሑፍ ያሳውቃችሁ። ቪዲዮ ላኩልን ስትሉ ሜትሩ ተዘርግቶ ቁጥሩ የሚነበብበት ይሁን።

ርክክብ

ቁልፍ ስትቀበሉ እያንዳንዱን ቧንቧ በአንድ ጊዜ ክፈቱ፣ እያንዳንዱን ሶኬት በመብራት ፈትኑ፣ ጣራ ላይ ውሃ አስረጩ። የጎደለው ተጽፎ፣ የሚጠናቀቅበት ቀን ተወስኖ ሁለታችሁም ፈርሙ። ስንጥቅ ካያችሁ ጫፉ ላይ በእርሳስ ቀን ጻፉ፤ የፀጉር ያህል ሆኖ የሚቆይ የልስን ነው። በሰያፍ እየረዘመ ከ3 ሚሊ ካለፈ መሠረቱን የሚያይ መሐንዲስ ጥሩ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ቤቱን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለአሥር ዓመት የሥራውን ጥንካሬ እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል፤ በአሠራር ጉድለትም ሆነ በመሬቱ ጠባይ ለሚደርስ ጉዳት ይጠየቃል። በውል ይህን ጊዜ ማሳጠር አይቻልም። ብዙ ባለቤቶች ይህን መብት ሳያውቁት ያልፋል፤ የሚያውቁትም ማስረጃ ያጣሉ። ንድፉን፣ ውሉን፣ የክፍያ ደረሰኞቹን፣ ፎቶዎቹንና የመሐንዲሱን የልኬት ወረቀቶች በአንድ ላይ ያዙ። የርክክቡ ቀን ተጽፎ ሁለት ወገን የፈረመበት ወረቀት ከሌለ አሥሩ ዓመት ከመቼ እንደሚቆጠር ራሱ የክርክር ጉዳይ ይሆናል።